ኑሮ በጎንደርና በእስራኤል

ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት ከነበረው ከወለቃ ጀምሮ በጎንደር ብዙ ቤት እዚህ ያለውን ኑሮ እስራኤል ካለው ጋር ማነጻጸር የተለመደ ጨዋታ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደዚያ ተጉዘዋልና።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በጤና ነው። በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ማንኛውም ነዋሪ በሕግ የጤና መድን ስላለው ከአራቱ የጤና ድርጅቶች በአንዱ ይታከማል፤ አማካይ የዕድሜ ጣሪያም ከ80 ዓመት በላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን ገና 70 አልደረሰም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቢስፋፋም፣ ከደንቢያ ወይም ከጭልጋ ገጠር ሪፈር ተጽፎለት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሚመጣ ሕመምተኛ መንገዱና ማደሪያው ራሱን የቻለ ሸክም ነው።

ደመወዝ እዚያ እጅግ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ቴል አቪቭ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ውዷ ከተማ እስከ መባል ደርሳ ስለነበር፣ ዘመድ እንደሚያደርገው ሼቄሉን በብር እያባዙ ማስላት ያሳስታል። በደኅንነት ረገድ ሁለቱም አገሮች በቅርብ ዓመታት ጦርነት አይተዋልና ማበላለጥ ያስቸግራል።

በእኔ ግምት ጎንደር የምትበልጠው በጉርብትና ነው፦ ለቅሶ ሲሆን ዕድሩ ድንኳኑን ይዞ ሳይጠራ ይደርሳል፤ እዚያ ግን ዘመድ የሚጠያየቀው በአብዛኛው ከሥራ በተረፈችው ቅዳሜ፣ ያውም አብዛኛው አውቶቡስ በማይሠራበት ዕለት ነው።