ከሲያትል መጥቼ የተገለገልኩባቸው፤ በተለይም የየካ አባዶው ጠበቃ

በዚህ ጉዞዬ አገር ቤት የገባሁት ለአባታችን ቤት ጉዳይ ነው። ስለ ማረፊያና ስለ መጓጓዣ በአጭሩ ልናገር። አያት አካባቢ ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ንጹሕ ነው፤ የራሱ የውኃ ታንከር ስላለው መስመሩ ሲቋረጥ አልተቸገርኩም። ቀላል ባቡሩ ወደ መሀል ከተማ ለመግባት ርካሽ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን ግፊያው ያስመርራል።

ሰፋ አድርጌ ልጽፍ የፈለግሁት ጣፎን አልፎ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ በመኖሪያ ቤታቸው ባለጉዳይ ስለሚቀበሉ ጠበቃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚሠሩና ሰው እንዲበዛባቸው ስለማይፈልጉ ስማቸውን አላነሳም።

ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዩኒቨርሲቲ በገቡ ማግስት የ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ትምህርታቸውን አቋረጠባቸው። ተመልሰው ሕግ ከጨረሱ በኋላ የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ከዚያ የመንግሥት ድርጅት የሕግ አማካሪ ሆኑ፤ በጥብቅና የሠሩት ከ1983 ወዲህ ነው። አሁን ችሎት አይቆሙም። ያማክራሉ፣ ውልና አቤቱታ ያረቅቃሉ፣ ወራሾችን ያስማማሉ። ክርክር የግድ ሲሆን ጉዳዩን ለአንድ ወጣት ጠበቃ ያስተላልፉና ፋይሉን አብረውት ያነባሉ።

ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት መሀል ከተማ ያለ አንድ ቢሮ ሰነዶቼን እንኳ ሳያገላብጥ «ወንድምህን እንክሰሰው» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ አባታችን ካረፉ ጀምሮ ኮተቤ ባለው ቤት ይኖራል፤ እኔና እህቴ ደግሞ ውጭ ነን። እኚህ ጠበቃ ግን ስለ ክስ አላነሱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ አባቴ ያረፉበትን ቀን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት፣ የወራሽነት ጥያቄ ከሳሹ መብቱንና ተከሳሹ የውርሱን ንብረት መያዙን ባወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉና ከሥሩ ሦስቱን ዓመታት ቆጠሩ። «ዳኛ ሳለሁ ከሁሉ በላይ ያሳዝነኝ የነበረው ጥሩ መብት ይዞ ጊዜው ያለፈበት ሰው ነው» አሉኝ። እኛ ጊዜ ነበረን።

ቀጥሎ ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተነክቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ነው፤ አሮጌ ቤት ይዞ የሚመጣን ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃሉ። የአባቴን ካርታና የግብር ደረሰኞች አንድ በአንድ አዩና አለመነካቱን አረጋገጡ። እኔ የውጭ ዜጋ መሆኔ ያሳስበኝ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው በመርህ ደረጃ ቢከለክልም፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ያለው ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ከዚያ ክልከላ ነፃ መሆኑን አስረዱኝ።

እህቴ የላከችልኝን ውክልና ሲያነቡ ግን ብዙ ቆዩ። በቀይ እርሳስ «በማናቸውም ጉዳይ እንዲወክለኝ» የሚለውን ሐረግ አሰመሩበት። በሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅም ሆነ ለመክሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ቃል አይበቃም። ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ ተዘርዝሮ ይጻፍ። ረቂቁን ራሳቸው ጻፉልኝ፤ እህቴ ቆንስላ ቀርባ ፈረመችበት።

ከሁሉ የነካኝ ግን ሌላ ነው። «ልጄ፣ አሁን የወንድምህን ክርክር አንተ ንገረኝ» አሉኝ። ዝም ስል ራሳቸው ቀጠሉ፦ ጣሪያውን ማን ለወጠው? ግብሩን ማን ከፈለ? አባታችሁን በሕመማቸው ጊዜ ማን አስታመመ? መልሱ ሁሉ ወንድሜ ነበር። ይህን በእሳቸው ፊት በአፌ ከተናገርኩ በኋላ ስለ ክስ ማውራት አልቻልኩም። ሁለታችንንም ለአንድ ከሰዓት ጠሩን፤ ወንድሜ የጥገና ደረሰኞቹን በፌስታል ይዞ መጣ። ጠበቃው እያንዳንዱን ድምር ጮክ ብለው አነበቡ፤ ወጪው ከቤቱ ግምት ላይ እንዲታሰብለትም ተስማማን።

ቅር ያሰኙኝም ነገሮች አሉ። ስልክ የሚያነሡት ከስንት አንዴ ነው። ጽሑፍ የሚያስተይቡት በሠፈሩ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ስለሆነ አንድ ሰነድ ቀናት ይወስዳል። የዕረፍት ፈቃዱ የሚያልቅበት ሰው ይህን አስቦ ይምጣ። ክፍያቸውን ግን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በጽሑፍ ይዋዋላሉ፤ ከተጻፈው በላይ አንድ ብር አልጠየቁኝም። አቅም የሌለው ሲመጣ በነፃ ያስተናግዳሉ፤ ተራዬን ስጠብቅ ከየካ አባዶ የመጡ አንዲት እናት ሲያስተናግዱ አይቻለሁ፤ የእኔን ያህል ጊዜ ሰጥተዋቸዋል።

የወራሽነት ማረጋገጫው ከከተማው ፍርድ ቤት ወጥቷል። የእህቴ አዲሱ ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል፤ የስምምነቱን ውል ወንድሜና እኔ የምንፈርመው ከዚያ በኋላ ነው።