ሲ ዜድ 550 ማግነም፦ ለጎሽም ለደጋ አጋዘንም አንድ ጠመንጃ

ዘንድሮ ዛምቤዚ ሸለቆ ጎሽ፣ ከርሞ ባሌ ተራራ ላይ ደጋ አጋዘን ለማደን ያሰበ ሰው ሁለት ጠመንጃ መግዛት የለበትም። 375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም የተባለውን ጥይት የሚተኩስ አንድ ደህና ጠመንጃ ይበቃዋል። ጥይቱ በ1912 ከለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የወጣ ነው። 300 ግሬን፣ ማለትም 19.4 ግራም እርሳስ በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ይልካል፤ ጉልበቱ አፈሙዙ ላይ ወደ 5,800 ጁል ይጠጋል። በብዙ የአፍሪካ አገሮችም ለአደገኛ አውሬ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ እሱ ወይም ለእሱ የሚቀርብ ነው። 416 ሪግቢና 458 ዊንቸስተር የተባሉት ትልልቅ ጥይቶች ጉልበታቸው ይበልጣል፤ ግን ርግጫቸው ያልለመደውን ሰው ምላጭ ሲስብ ዓይኑን ያስጨፍነዋል። በ458 ሆዱን የተመታ ጎሽ በ375 ሳንባውን ከተመታው እጅግ የከፋ ነው።

ይህን ጥይት ከሚተኩሱት አንዱ የቼክ ሪፐብሊኩ ሲ ዜድ 550 ማግነም ነው፤ አሁን ምርቱ ስለቆመ የሚገኘው በአብዛኛው ያገለገለው ነው። ትልቁ ብልጫው እንደ ጀርመኑ ማውዘር ጠመንጃ ያለ ሰፊ ቀለህ አውጪ ጥፍሩ ነው፤ ጥይቱ ከካዝናው እንደወጣ ቀለሁን ከሥሩ ይይዘውና እስኪወረወር ድረስ አይለቀውም። ካዝናው አምስት ጥይት ይይዛል፤ ብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ የሚይዙት ሦስት ነው። መነጽሩ ቢሰበር እንኳ በብረቱ ማነጣጠሪያ ሥራ መቀጠል ይቻላል።

ከፋብሪካ እንደወጣ ይዞት ጫካ የሚገባ ግን ይቆጨዋል። መቀርቀሪያው ሻካራ ነው፤ ባዶውን ጠመንጃ ማታ ማታ መቶ ጊዜ እየሳቡና እየገፉ ማለስለስ ያስፈልጋል። ይህ ልምምድ ለእጅም ይጠቅማል። የ375 ጥይት ሙሉ ርዝመቱ 91 ሚሊሜትር ስለሆነ መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ካልተሳበ አዲስ ጥይት አያነሳም። በድንጋጤ በግማሽ ስቦ የመለሰ ሰው ጎሹ እየመጣበት ባዶ ጠመንጃ ይተኩሳል።

ሁለተኛው ችግር እንጨቱ ነው። ብረቱ ከኋላ ጭራው ላይ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠ እያንዳንዱ ርግጫ እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል። ጠመንጃ ሠሪ ከጭራው ኋላ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይክፈትለት፤ ርግጫውን የሚቀበለውን የፊት ጉብታም በኢፖክሲ ማጣበቂያ ያስደግፈው። ሦስተኛው ምላጩ ነው፤ ወደ ፊት ሲገፋ በጣም ይቀላል። ለዒላማ መልካም ነው፤ ልብ እየመታ፣ ጣት እየተንቀጠቀጠ ጎሽ ፊት ግን ፈጽሞ አይገፋ።

መነጽሩ ከ1 እስከ 6 የሚያጎላ፣ ዓይን ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር ርቆ የሚያይበት ይሁን። ከዚያ ካነሰ ጠርዙ ቅንድብ ይሰነጥቃል። 200 ሜትር ላይ ከተስተካከለ፣ 100 ሜትር ላይ ወደ 8 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፤ 300 ሜትር ላይ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል። ባሌ ላይ ከሸለቆ ማዶ መተኮስ ስለሚያጋጥም ጥይቱ የሚወርድበትን ልክ በቃል መያዝ ግድ ነው። በአውሮፕላን የተጓዘ ጠመንጃ ካምፕ እንደደረሰ ሦስት ጥይት ተተኩሶበት ይፈተሽ። አንድ ብሎን ከላላ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ለደጋ አጋዘን ሲመታ የሚሰፋ እርሳስ ብቻ በቂ ነው። ለጎሽም የመጀመሪያው የሚሰፋ፣ ግን ጠንካራ ዓይነት ይሁን፤ ቀጥሎ የሚመጡት ድፍን፣ ማለትም ሳይሰፋ ጠልቆ የሚገባ ዓይነት ይሁኑ። ድፍን እርሳስ በመጀመሪያ ከተተኮሰ ከጎሹ አልፎ ከኋላው የቆመችውን እንስት ጎሽ ሊያቆስል ይችላል፤ የቆሰለ ጎሽን ቁጥቋጦ ውስጥ መከተል ደግሞ ለመሪውም ለዱካ ተመልካቹም የሕይወት ጉዳይ ነው። ልምምዱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በቁም፣ በሦስት እግር ድጋፍ ይሁን፤ በአንድ ቀን ከአሥር ጥይት አይብለጥ፤ ከዚያ በኋላ ትከሻ መሸሽ ይለምዳል።

ለሳላና ለከርከሮ ብቻ የሚሄድ ይህን አይግዛ፤ 30-06 የተባለው ጥይት በ180 ግሬን እርሳስ ቀላልም ርካሽም ነው። ያገለገለ የሚገዛ ደግሞ ብረቱን ከእንጨቱ አስፈትቶ ጭራው የሚያርፍበትን ቦታ በባትሪ ብርሃን ይመልከት፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየ ዋጋ ያስቀንስ። በአጋጣሚ የሲ ዜድ 550 ቀዳሚ የሆነውን ብርኖ 602 ካገኘ ደግሞ የጥንቃቄ ቁልፉ በብዙዎቹ ላይ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ሊተኩስ ሲል ወደ ኋላ እንደሚሳብ አስቀድሞ ይወቅ።