የጠረጴዛ የሽመና ዕቃዬ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ኅዳር በ250 ዶላር ገደማ የገዛሁት የሽመና ዕቃ «ሪጂድ ሄድል ሉም» የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ እስከ 15 ኢንች ማለትም እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ይሸመንበታል። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለምውል ማታ ማታ እጄን የሚያፍታታ ነገር ስፈልግ ቆይቻለሁ። የገዛሁበት ምክንያት ግን ይህ ብቻ አይደለም። እናቴ በእንዝርት የፈተለችው ልቃቂት በመንገደኛ ሻንጣ ተልኮልኝ ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን በገዛ እጄ ነጠላ ላደርገው አስቤ ነው። ስለዚህ ዕቃውን የምመዝነው አንድም ለጀማሪ በሚሰጠው ደስታ፣ አንድም ለዚያ ላሰብኩት ሥራ በመብቃቱ ወይም ባለመብቃቱ ነው።

ዕቃው ተፈታትቶ በካርቶን ነው የመጣው። እንጨቱ ምንም ያልተቀባ ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ዘይት አጠጣሁት፤ መገጣጠሙ ከአንድ ሰዓት አልበለጠም። አሠራሩም ቀላል ነው። መካከሉ ላይ ማበጠሪያ የሚመስል ፕላስቲክ አለ፤ እያንዳንዱ ጥርስ መካከሉ ላይ ቀዳዳ አለው፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ነው። ማበጠሪያው ከፍ ሲል በቀዳዳዎቹ የገቡት ክሮች አብረው ይነሳሉ፣ በስንጥቆቹ ያለፉት ባሉበት ይቀራሉ፤ በመካከላቸው በሚከፈተው መንገድ ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚሸመነውን ክር፣ የያዘው መወርወሪያ ያልፋል። ማጉን ወደ ተሠራው ጨርቅ የሚያስጠጋውም ይኸው ማበጠሪያ ነው።

ሻጮቹ «በአንድ ቀን ስካርፍ ይሠራሉ» ይላሉ። ሽመናውን ብቻ ከቆጠርነው እውነት ነው፤ ያልተናገሩት ግን ድር ማድራት የሚባለውን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠሩትን ክሮች ማዘጋጀትን ነው። ከጠረጴዛው ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ በክላምፕ የታሰረ እንጨት አለ፤ ክሩን በእያንዳንዱ ስንጥቅ እየሳቡ እንጨቱ ላይ አዙሮ መመለስ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ኋላው መጠቅለያ ዘንግ በወረቀት እየለዩ መጠቅለል፣ በመጨረሻም ከየጥንዱ አንዱን ክር በመንጠቆ ወደ ቀዳዳው ማስገባት ያስፈልጋል። በኢንች 10 ክር የሚይዘው ማበጠሪያ በሙሉ ስፋቱ 150 ክር ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን አራት ሰዓት ፈጅቶብኝ ወገቤን ይዤ ነው የተነሳሁት፤ አሁን አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃኛል። ከመቶ ሃምሳው አንዱ ክር ላልቶ ከቀረ ጨርቁ እስከ መጨረሻው ያንን ጥፋት እየቆጠረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚማረው ከሽመና ይልቅ ክር መወጠርን እንደሆነ ቢያውቅ ይሻለዋል።

በሱፍ ክር የሠራኋቸው ሦስት ስካርፎች ያለ ብዙ ችግር ወጡልኝ፤ ሱፍ ሲሳብ ስለሚለጠጥ የጀማሪን ስሕተት ይሸፍናል። የመጀመሪያው ግን በ38 ሴንቲ ሜትር ተጀምሮ በ29 አልቋል፣ ምክንያቱም ማጉን ቀጥ አድርጌ እየሳብኩ ጠርዙን ወደ ውስጥ ሰብስቤዋለሁ። ማጉ በሰያፍ ላላ ተደርጎ ተዘርግቶ ነው በማበጠሪያው መመታት ያለበት።

ጥጥ ላይ ስደርስ ጨዋታው ተለወጠ። የእናቴን ፈትል በጉጉት ድር አድርጌ ወጠርኩት፤ ግማሽ ሜትር ሳልሠራ 19 ክር ተበጠሰ። የፕላስቲኩ ጥርስ ክሩን እየፋቀ ያሳሳዋል፣ ጥጥ ደግሞ አይለጠጥም። ከስንዴ ዱቄት ቀጭን ሙቅ አፍልቼ ድሩን ብቀባው ትንሽ ጠነከረ እንጂ ችግሩ አልተወገደም። በስልክ ለእናቴ ሳሳያት ዕቃውን አየት አደረገችና፣ «ልጄ፣ እኔ ማግ ነው ብዬ የላክሁልሽ፤ ድር ማን አድርጊው አለሽ?» አለችኝ። በእርግጥም ማግ ብላ ነበር፤ እኔ ቃሉን ክር እንደማለት ብቻ ነበር የሰማሁት። በእጅ የተፈተለው ክር ለስላሳና ላላ ያለ ስለሆነ ለማግ የሚመረጠው በምክንያት ነው፤ ዛሬ አገር ቤት ያሉ ሸማኔዎችም ብዙውን ጊዜ ለድር የፋብሪካ ክር ነው የሚጠቀሙት። እኔም ቀጭን ባለ ሁለት ገመድ የፋብሪካ ጥጥ ለድር ገዝቼ የእሷን በማግነት ስጠቀም መበጣጠሱ ቆመ።

የዕቃው እንከኖች ሁለት ናቸው ብል አላጋነንኩም። በአራተኛው ወር የፊተኛውን መጠቅለያ ዘንግ ጥርስ የሚይዘው የፕላስቲክ ምላስ መንሸራተት ጀመረ፤ ለጥጥ የሚያስፈልገውን ውጥረት አይችልም ነበርና በብረት ቀየርኩት። ሁለተኛው የክር ብክነት ነው፤ በእያንዳንዱ ድር መጨረሻ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊሸመን ሳይችል ይቆረጣል። ለገበያ ክር ይህ ምንም አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ ለፈተለው ክር ግን ያስቆጫል፤ ለድር የፋብሪካ ክር መጠቀሜ በዚህም በኩል ጠቅሞኛል።

ሸማን ለሚያውቅ ሰው ግን ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ ሸማኔዎችን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ድሩን የሚከፍተው በእግሩ ነው፤ ሁለቱ እጆቹ ለመወርወሪያውና ለመምቻው ነፃ ናቸው። በእኔ ዕቃ ላይ እግር ሥራ ፈት ነው። አንዱ እጅ መወርወሪያውን አስቀምጦ ማበጠሪያውን ያነሳል፣ ተመልሶ መወርወሪያውን ይይዛል፤ ስለዚህ ያ የሸማኔ ቤት ምት በጭራሽ አይመጣም። ለሱፍ ስካርፍ ይህ አይታወቅም፤ ስስ ለሆነው ነጠላ ግን በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብዙ ማግ ስለሚገባ ድካሙ እጥፍ ድርብ ነው። በኢንች 12 ተኩል ክር የሚይዘውን ጥርሱ የበዛ ማበጠሪያ ለብቻው ገዝቼም እንኳ ጨርቄ ከነጠላ ይልቅ ወደ ኩታ የተጠጋ ወፍራም ሆኗል።

ጥለቱ ግን ያስገረመኝ ነገር ነው። ቀጭን ጠፍጣፋ እንጨት ከማበጠሪያው ጀርባ አስገብቶ የተመረጡትን ክሮች ብቻ ማንሳት ይቻላል፤ በዚያ መካከል ባለቀለሙን ክር እየጨመርኩ፣ በየመሐሉም ተራውን ማግ እየመታሁ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ፈርጥ ሠራሁ። አራት ሴንቲ ሜትር ጥለት ሦስት ምሽት ወስዶብኛል። ቁጥሩን ስቼ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ፤ ቢሆንም ከዘጠኙ ወር ሁሉ ሰዓቱ መምሸቱን የረሳሁት በእነዚያ ምሽቶች ነው።

ለመዝናኛ ለሚፈልገው ሰው፣ በተለይም በሱፍ ለሚጀምር፣ ዋጋውን ያወጣል እላለሁ፤ ለነጠላ ብሎ ለሚገዛ ግን አልመክርም። እናቴ «ሴት ትፈትላለች እንጂ መች ትሸምናለች» ብላ ብትስቅብኝም፣ ስፋቱ ስለማይበቃ ሁለት ቁራጭ ሸምኜ ጎን ለጎን ልሰፋቸው ወስኛለሁ። የመጀመሪያው ታጥቦ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ዕቃው ላይ ነው፣ 70 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል፣ የቀረኝ ማግም ከጡጫዬ የማይበልጥ አንድ ልቃቂት ነው።