ለድሬዳዋ ሙቀት የሚስማማ ነጭ ወይን፦ የሩዌዳው ቬርዴኾ

ድሬዳዋ ውስጥ እንግዳ ጠርቶ ነጭ ወይን ማቅረብ የፈለገ ሰው ምርጫው ብዙ አይደለም። ወይ ከአገር ውስጥ አዋሽ ክሪስታልን ወይም የሪፍት ቫሊን ሻርዶኔ ይገዛል፤ ወይ ደግሞ ስሙ የገነነ የፈረንሳይ ጠርሙስ አስፈልጎ የተጠየቀውን ይከፍላል። እኔ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸውንና ከጅቡቲ የሚመላለሱ ወዳጆች ያመጡልኝን ጠርሙሶች ስቀምስ ቆይቼ፣ ለዚህ ከተማ አየርም ለኪሳችንም ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ሩዌዳ ከሚባል የስፔን አካባቢ የሚመጣውን ነጭ ወይን ነው። ስፔን ሲባል አብዛኛው ጠጪ የሚያስታውሰው የሪዮኻን ቀይ በመሆኑ የሩዌዳ ስም በእኛ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም፤ በዚያው በስፔን ግን ቡና ቤት ገብቶ ነጭ ወይን ላዘዘ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀዳለት እሱ ነው።

ሩዌዳ ከማድሪድ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከዱዌሮ ወንዝ ብዙም ሳትርቅ በተንጣለለ ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን የወረሰው የወይን አካባቢ በአብዛኛው በቫያዶሊድ፣ በከፊል ደግሞ በሴጎቪያና በአቪላ አውራጃዎች ውስጥ ይገኛል። መሬቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ700 እስከ 800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ኮረት የበዛበት ነው። ከፍታው ከድሬዳዋ ያነሰ ቢሆንም በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ይጥልበታል፤ በሐምሌ ደግሞ ቀኑን እንደ እኛው አገር ሲያቃጥል የዋለው ፀሐይ ሲጠልቅ ሌሊቱ ጥሩ አድርጎ ይቀዘቅዛል። የወይኑ ጠባይ የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ የቀኑ ሙቀት ፍሬውን ሲያበስለው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ጎምዛዛነቱን ይጠብቅለታል። ገበሬዎቹም ብዙውን ፍሬ የሚለቅሙት ሌሊት፣ በመኪና መብራት ነው፤ ፍሬው ቀዝቃዛ እንደሆነ መጭመቂያው ዘንድ እንዲደርስ ስለሚፈልጉ።

የአካባቢው ዋና ዝርያ ቬርዴኾ ይባላል። በብርጭቆ ሲቀዳ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ቢጫ ነው። አፍንጫን ጠጋ ሲያደርጉ መጀመሪያ የሎሚ ሽታ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ለእኛ ሰው ከሎሚው ይበልጥ የሚታወቀው ይከተላል፤ በጣት መካከል የታሸ እርጥብ እንስላል። ይህን ለማጋነን አልጻፍኩትም። ባለቤቴ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳታይ አሽትታ «እንስላል ገብቶበታል እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ምንም የተጨመረበት ነገር የለም፣ ከዝርያው የሚገኝ ጠረን ነው። ሲጠጡት ስኳር የለውም፣ ጎምዘዝ ብሎ ምራቅ ያመጣል፤ ከተዋጠ በኋላ ደግሞ በምላስ ሥር ቀለል ያለ ምሬት ይቀራል። ጠጅ ውስጥ ጌሾው የሚተወውን ምሬት የሚወድ ሰው ይህን ምሬት እንደ ጉድለት አያየውም፤ እኔማ ሁለተኛውን ብርጭቆ የሚያስመኘው እሱ ነው እላለሁ።

ይህ ዝርያ አንድ ትልቅ ድካም አለው፤ አየር ሲነካው ቶሎ ይበላሻል፣ እንደ ተቆረጠ ፖም ይጠቁራል። የጥንት የሩዌዳ ሰዎች ይህን ድካም ወደ ጥቅም ለውጠውት ነበር። ዶራዶ፣ ማለትም ወርቃማ፣ የሚባለውን ጠንካራ ወይን በትልልቅ የብርጭቆ ደምበጃኖች ሞልተው ሜዳ ላይ ለፀሐይ ያሰጡት ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚሠሩ ጥቂት ቤቶች አሉ። ከዚያ ፊሎክሴራ የሚባለው የወይን ሥር ተባይ አካባቢውን ሲያጠፋው፣ ብዙ ገበሬ በቬርዴኾ ፈንታ ፓሎሚኖ የሚባለውን ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ዝርያ ተከለ፤ ቬርዴኾም ሊረሳ ደረሰ። ነገሩን የለወጠው በሪዮኻ የታወቀው የወይን ጠማቂ ቤት ማርኬስ ዴ ሪስካል በ1972 ጥሩ ነጭ ወይን የሚሠራበት መሬት ሲፈልግ፣ የቦርዶውን ሊቅ ኤሚል ፔኖን አማክሮ ወደ ሩዌዳ መምጣቱ ነው። ከማይዝግ ብረት በተሠራ ጋን፣ በቀዝቃዛ ሁኔታ፣ አየር ሳይነካው ሲጠመቅ ቬርዴኾ ምን ያህል መዓዛ እንዳለው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። አካባቢው በ1980 የራሱን ሕጋዊ የወይን ስያሜ አገኘ፤ በካስቲያ ኢ ሌዮን ክልል የመጀመሪያው ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለድሬዳዋ ገዢ በቀጥታ ስለሚጠቅመው ነው። ባለፈው ግንቦት ከአንድ የመጠጥ መደብር፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ከመስኮት አጠገብ ከተደረደሩት አንድ የሩዌዳ ጠርሙስ ገዛሁ። ዓመቱ አምስት ዓመት ያለፈው ስለሆነ አመነታሁ፤ ሻጩ ግን በሙሉ እምነት «አቦ ጋሼ፣ ወይን እኮ ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው!» አለኝ። ቤት ወስጄ ስመለከተው ቡሹ ከአንገቱ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ውስጡ ያለው በሙቀት ሲሰፋ ገፍቶታል። ስቀዳው ቀለሙ የደፈረሰ ጠጅ ይመስላል፣ ሽታውም የበሰበሰ ፖም ነው፤ የእንስላሉ ጠረን ከነጭራሹ የለም። የእኛ ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ዶራዶ ሊሠራ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ዶራዶ ከመነሻው ለዚያ ተብሎ የሚዘጋጅ ጠንካራ ወይን ሲሆን፣ ይህ ግን በትኩስነቱ እንዲጠጣ የተሠራ ነበር።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የለቀማውን ዓመት ማየት ይገባል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ለቀማው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ስለሚካሄድ፣ 2024 የሚለው ጠርሙስ የእኛ 2017 ሲብት የተለቀመ ነው ማለት ይቻላል። ከተለቀመ ሁለት ዓመት ያልሞላውን መምረጥ ነው፤ ሦስት ዓመት የሞላው በጥሩ ቦታ ከቆየ ይጠጣል፣ ከዚያ ያለፈውን ግን በበርሜል የተጠመቀ ካልሆነ በቀር ባልገዛ እመርጣለሁ። ከመስኮትና ከመብራት የራቀውን፣ ቢቻል ከመጋዘን የወጣውን ካርቶን መጠየቅ አያሳፍርም። ጽሑፉ «ሩዌዳ ቬርዴኾ» የሚል ከሆነ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚሁ ዝርያ የተሠራ ነው። «ሶብሬ ሊያስ» የሚል ከተጨመረበት ደግሞ ከአተላው ሳይለይ የቆየ ማለት ሲሆን፣ አተላው ለወይኑ ወፈር ያለ አካል ይሰጠዋል።

ከቀመስኳቸው ውስጥ ለብዙ እንግዳ የምመክረው ኳትሮ ራያስ ነው። ላ ሴካ በምትባል ከተማ በ1935 የተቋቋመ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሠራው ሲሆን፣ ስፔን ውስጥ ከ10 ዩሮ በታች ከሚሸጡት ነው፤ እዚህ ሲደርስ ቀረጥና ማጓጓዣ ቢጨመርበትም ከታወቁት የፈረንሳይ ነጮች ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ቀላል፣ ንጹሕ፣ ሎሚው የጎላ ነው፤ ብዙ አያስብም፣ ብዙም አያሳስብም። የማርኬስ ዴ ሪስካል ቬርዴኾ ከዚያ ትንሽ ወደድ ይላል፤ እንስላሉን በግልጽ ማወቅ የሚፈልግ በእሱ ቢጀምር ይሻላል። ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ኾሴ ፓሪየንቴ ነው። ቪክቶሪያ ፓሪየንቴ በአባቷ ስም የሰየመችው ቤት ሲሆን፣ ወይኑ ወፈር ብሎ ምሬቱ በልኩ የተቀመጠ፣ ከተዋጠ በኋላ ረጅም ጊዜ በአፍ የሚቆይ ነው። ለአንድ ልዩ እራት የሚወጣበት ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም። ቤሎንድራዴ በበርሜል የሚጠመቅ ድንቅ ወይን ነው፣ ዋጋው ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ከምግብ ጋር ሲሆን በርበሬ የበዛበት ቀይ ወጥ ይጫነዋል፤ ቆጭቆጫ ከቀረበማ የወይኑ ጣዕም ፈጽሞ አይታወቅም። አልጫ፣ የዓሣ ጥብስ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ወይም ቅባቱ ሳይወጣለት ትኩሱን የሚቀርብ ሳምቡሳ ግን በጣም ይስማማዋል፤ ጎምዛዛነቱ ዘይቱን ከምላስ ላይ ይጠርገዋል። የፍየል ጥብስም ቃሪያው ካልበዛ ይሄዳል።

መቀዳት ያለበት ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ በእኛ የሰኔ ቀትር ቤት ውስጥ የቆመ ጠርሙስ ከዚህ ሦስት እጥፍ ይሞቃል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። መብራት በጠፋ ቀን ጠርሙሱን በውኃ በተነከረ ጆንያ ጠቅልዬ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር አቆመዋለሁ፣ ጆንያው በደረቀ ቁጥርም ውኃ እደግምበታለሁ፤ እንደ ማቀዝቀዣው ባይሆንም ለመጠጥ ያደርሰዋል። ብርጭቆ መሙላት ግን አይገባም፤ በትንሽ በትንሹ እየተቀዳ ቀሪው ወደ ቅዝቃዜው ይመለስ። ያልተጨረሰው ቡሹ ተመልሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፤ በሦስተኛው ቀን እንስላሉ ጠፍቶ ሎሚው ብቻ ይቀራል።