ደብዳቤ ወይስ ቴሌግራም?

የፖስታ አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው በ1886 ዓ.ም. ነው። ወደ መንዝ ገጠር ግን ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የሚሄደው በመንገደኛ እጅ ነበር። ቤት ድረስ የሚያመጣ ፖስተኛ የለማ!

«ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይልና የጎረቤቱ ስም ሁሉ ይጠራል። ግማሽ ገጽ ሰላምታ ብቻ! ለእኔ የደብዳቤ ዋጋው እዚያ ላይ ነው። በስልካችን ቴሌግራም ላይ «ሰላም ነው?» ተባለ፣ አለቀ።

ለሕመም ወይም ለለቅሶ ግን ደብዳቤ የሚጠብቅ የለም። ማንበብ ለማይችሉ እናትም የድምፅ መልእክት ይሻላል። የልጃቸውን ድምፅ ራሱን ይሰማሉ፤ ምስጢሩንም አንባቢው የጎረቤት ልጅ አያውቅባቸውም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ የገንዘብና የአስቸኳይ ወሬውን በስልክ። ናፍቆትና ይቅርታ ሲሆን፣ እኔ ወረቀት እመርጣለሁ። ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ አይጥ ካልቀደመው።