ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፦ አጋር አመራረጥ በመንዝ ጓሳ

መንዝ ጓሳ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አንድ ሜዳ ይጋራሉ። አጋር አመራረጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ጭላዳ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ስለሚነጭ ምልክቱ ያለው ደረቱ ላይ ነው። ሴቶችን የያዘው አውራ ደረቱ ከሌሎቹ ወንዶች ይቀላል፤ ፍም ይመስላል። የሴቷን ደረት ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ደግሞ በቀዩ ቆዳ ዙሪያ እንደ ጨሌ የተደረደሩ እንክብሎች አሉ፤ የመፀነሻዋ ጊዜ ሲደርስ ያብጣሉ።

ቀይ ቀበሮ ሌላ ነች። አውራዋ ሴት ከገዛ መንጋዋ ከአውራው በቀር ሌላ ወንድ አታስጠጋም፤ ከጎረቤት መንጋ የመጣውን ግን ትቀበላለች። ይህ ከዘመድ ከመዋለድ ያድናታል። ችግሩ፣ እንግዳ መቀበሏ ለውሻም በር መክፈቱ ነው። ባሌ ውስጥ ሴት ቀበሮዎች ከወንድ ውሻ ተዳቅለው፣ አፈሙዛቸው ያጠረ፣ ሰውነታቸው የደነደነ ክልሶች ተወልደዋል።

ከሁለቱ እኔን የሚያስጨንቀኝ የቀበሮዋ ነው። በዓለም የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው። እባካችሁ ወገኖቼ፣ ወደ ጓሳ ሣር ለማጨድ ስትወጡ ውሻችሁን ቤት አስራችሁ ሂዱ።