ኮብራ ስተዲ፦ በሁለት ክፍለ ጊዜ መሀል ለሚስል መምህር የሚሆን የዘይት ቀለም

ከፍ ባለ ደረጃ የስቱዲዮ ትምህርት የሚያስተምር የሥዕል መምህር ተማሪዎቹ ሊነኩት ካለው ቀለም ጋር አስቀድሞ ራሱ መታገል አለበት። የሚያግደው ጊዜና ሽታ ነው። ባዶ ክፍለ ጊዜው 40 ወይም 45 ደቂቃ ነው፤ የዘይት ቀለም ደግሞ አኳራጅና ተርፔንታይን የተባሉትን ማቅጠኛዎች አስከትሎ ሲመጣ መስኮቱ ጠባብ የሆነ ክፍል ቀኑን ሙሉ ይሸታል፣ ራስ ያዞራል። ስለዚህ ብዙው መምህር በውሃ ወደሚቀጥነው ወደ አክሬሊክ ቀለም ይሸሻል። አክሬሊክ ግን ስልክ አንስተው እስኪዘጉ ፓሌት (ቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) ላይ ይደርቃል፤ ጠርዝ ማለስለስንና እርጥብ ቀለም በእርጥብ ላይ መሥራትን ለማስተማርም አይመችም።

ሮያል ታለንስ የተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት የሚያመርተው ኮብራ ይህን ክፍተት በደንብ ይሞላል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። በውሃ ቢቀጥንም የውሃ ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ የዘይት ቀለም ነው። ዘይቱን ከውሃ ጋር የሚያስማማ ንጥረ ነገር ስለገባበት ብቻ በውሃ ይቀጥናል፣ በሳሙና ይታጠባል። ሲደርቅም ውሃው ስለተነነ ሳይሆን ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለተዋሃደ ነው። ይህ ያልገባው ተማሪ ውሃው ሲጠፋ ደረቀ ብሎ በማግስቱ ሥራውን በክርኑ ጠርጎት ይሄዳል።

ሁለት ደረጃ አለው። አርቲስት የሚለው የቀለም ዱቄቱ የበዛ፣ ውድ ነው። ስተዲ ዱቄቱ ቀነስ ያለ ነው፤ ውድ የሆኑት እንደ ካድሚየም ያሉት ቀለሞችም በሚመስሏቸው ርካሽ ውህዶች ይተካሉ። ለክፍል ስተዲ ይበቃል። ልዩነቱ የሚያስቆጨው ከነጭ ጋር ሲደባለቅ ነው፦ የስተዲው ቀይ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ቶሎ ይደክማል፣ ኖራ ወደመሰለ ሮዝ ይሄዳል። ሁለቱ ደረጃዎች እርስ በርስ ስለሚቀላቀሉ መምህሩ ለራሱ ሥራ አንድ ቀይና አንድ ቢጫ ብቻ ከአርቲስቱ ገዝቶ የቀረውን በስተዲ ቢሞላ ገንዘቡም ሥራውም አይጎዳም።

አሁን ወደ ውሃው፤ የብዙው ሰው ቅሬታ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ቀለሙ ውሃ መጀመሪያ ሲነካው መቅጠን ሳይሆን ሙጫ ሙጫ ማለት ይቀናዋል። ተማሪው ይደነግጥና ውሃ ይደፋበታል፤ ያኔ ዘይቱ ዱቄቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ሲደርቅም ገርጥቶ በጣት የሚጠረግ ኖራ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። የለውዝ ፍሬ የምታህል ቀለም ፓሌት ላይ ውሰዱ፤ ውሃ በጠብታ ጨምሩ፤ በእያንዳንዱ ጠብታ መሀል በስፓቱላ እሹት። እንደ ቀጭን እርጎ ሲሆን አቁሙ። ከዚያ በላይ መቅጠን ካለበት ውሃ ሳይሆን ለዚሁ ዓይነት ቀለም የተሠራውን ሚዲየም (ዘይት ያለበት ማቅጠኛ) ጨምሩ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ውሃ የገባበት ቀለም እርጥብ ሳለ ወተት የተቀላቀለበት ያህል ነጣ ይላል፤ ውሃው ሲወጣ ይጠቁራል። ጥላ የሚቀቡ ተማሪዎች በዚህ ይሳሳቱና ሥዕሉ በማግስቱ ካሰቡት በላይ ጨልሞ ያገኙታል። መፍትሔው ጥላውን ያለ ውሃ፣ ከቱቦው እንደወጣ መቀባት ነው።

ብሩሹ ሰው ሠራሽ ጸጉር ይሁን። የአሳማ ጸጉር ውሃ ይጠጣና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይልፈሰፈሳል። ለመደብ፣ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ወይም ሸራ ላይ ሁለት እጅ አክሬሊክ ጄሶ፣ ማለትም ከሥዕሉ ሥር የሚቀባ ነጭ መደብ (የግንቡ ጀሶ አይደለም!) ቀብታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። በአክሬሊክ ላይ ኮብራን መቀባት ይቻላል፤ በኮብራ ላይ አክሬሊክ ግን ይላጣል።

የድርብርቡ ሕግ እንደ ማንኛውም የዘይት ቀለም ነው፦ ዘይት የበዛበት ምንጊዜም ከላይ ይሁን። የመጀመሪያው ንድፍ በውሃ፣ ሁለተኛው ከቱቦው እንዳለ፣ ሦስተኛው ጥቂት ሚዲየም ይዞ። ይህ ከተገለበጠ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በስስ ሲቀባ ጥቁር ቡናማው በርንት አምበር በሁለት ሦስት ቀን ለእጅ ይደርቃል፤ ነጩና ቀዩ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ቫርኒሽ ለመቀባት አንድ ዓመት መጠበቅ ነው።

መምህሩ ክፍሉን ሲያቅድ ሥራውን ራሱ አስቀድሞ መሥራት ያለበት በዚሁ የማድረቂያ ጊዜ ምክንያት ነው። በወረቀት ላይ «ሰኞ ንድፍ፣ ረቡዕ ሁለተኛ ድርብ» ተብሎ የታቀደ ትምህርት ነጩ ሳይደርቅ ቀርቶ ይፈርሳል። 16 ተማሪ ካለ 16 እርጥብ ሥራ ለሳምንት የሚቀመጥበት መደርደሪያ ያስፈልጋል። አራት ትንንሽ፣ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሰሌዳዎች በአንድ ጊዜ ጀምሩ፦ አንዱን ንድፉ ላይ አቁሙት፣ አንዱን ሁለተኛው ድርብ ላይ፣ አንዱን ጨርሱት፣ አራተኛውን ሆን ብላችሁ ውሃ አብዝታችሁ አበላሹት። ከአራቱ ለተማሪ የሚበጀው ይኸው የተበላሸው ነው፤ በጣታቸው ይነኩትና ኖራው ሲወጣ ያያሉ።

ይህ ግን ናሙና እንጂ ሥራ አይደለም። ናሙና ብቻ የሚሠራ መምህር ተማሪው የእሱኑ ግልባጭ ይዞለት ይመጣል። አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ዛሬም የሚነሱት በራሳቸው ሥራ ነው። ኮብራ ለዚህ የሚመቸው ፓሌቱ ስለሚጠብቅ ነው፦ ስስ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ብትተዉት የሰኞው ቀለም ማክሰኞ ይሠራል፤ በ25 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጥግ ብቻ ነክቶ መተው ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የኤፒ (ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት) ሥዕል ክፍል ለያዙ ደግሞ፣ የተማሪው ፖርትፎሊዮ (ለምዘና የሚቀርበው የሥራዎቹ ስብስብ) 15 ምስል ያለበት ክፍል ልምምድን፣ ሙከራንና ማሻሻልን ማሳየት ስላለበት፣ መምህሩ የራሱን ሥራ በየደረጃው ፎቶ ቢያነሳ ማስተማሪያው ያለ ተጨማሪ ድካም ተሰናዳ ማለት ነው።

አምስት ቀለም ይበቃል፦ ታይታኒየም ነጭ፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት አምበር። ነጭ ከሌሎቹ እጅግ በልጦ ይሄዳል፤ ለአንድ ተማሪ አንድ የ40 ሚሊ ሊትር ነጭ መድቡ፣ ሌላውን አንድ ቱቦ ለአራት። ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ መጀመሪያ የሚያልቀው ነጩ መሆኑን አትርሱ። ነጩ ሲያልቅ የተለመደውን የዘይት ቀለም መቀላቀል ይቻላል፤ ከሩብ በላይ ከሆነ ግን በውሃ መታጠቡ እየቀረ ይሄዳል።

አጠባ ላይ የኮብራ ጥቅም ይታያል። ብሩሹን በጨርቅ በደንብ ጥረጉ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ አረፋው ነጭ እስኪሆን ሁለት ሦስት ጊዜ። የክፍለ ጊዜው የመጨረሻ 10 ደቂቃ ለዚህ ይያዝ፤ ብሩሹ ላይ የደረቀ ቀለም በውሃ አይለቅም። የተረፈውን ቀለም ወደ ቧንቧው አትልቀቁ፤ በወረቀት ጠርጋችሁ ጣሉ።

የኮብራ ትልቁ አደጋ «በውሃ የሚታጠብ» የሚለው ስሙ የሚፈጥረው መዘናጋት ነው። አኳራጅ የለበትም፣ ዘይት ግን አለበት። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ተከምሮ ከተተወ ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ እሳትም ሊነሳበት ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ጣሳ ይኑር፤ ጨርቁ በውሃ ተነክሮ እዚያ ይግባ፤ ጣሳው ቀኑ ሳያልፍ ወደ ውጭ ይውጣ።